የከሰዓቱ ስፖንጅ

እትዬ ክብሪት ሰው ቤት ስትገባ ቀድማ የምታየው የባለቤቶቹን ፊት አልነበረም፤ የሚያስቀምጧትን ሶፋ ነበር። «ይግቡ፣ ይግቡ፣ እዚህ አረፍ ይበሉ» ሲሏት ትቀመጣለች፤ ጤና ትጠይቃለች፤ ልጆቹን አገላብጣ ትስማለች። ግራ እጇ ግን የሌላ ሰው እጅ ይመስል ቀስ ብሎ ከሶፋው ሥር ይገባል፣ ጨርቁ የላላበትን ቦታ በዳበሳ ያገኛል፣ ከስፖንጁ ጥፍር የምታህል ቆንጥሮ ይወጣል። ያቺ ቁንጣሪ ቦርሳዋ ውስጥ ባለች የሻይ ቅጠል ጣሳ ታድርና በማግስቱ ሥራ ቦታ ትለኮሳለች። ከዚያ ወዲያ እትዬ ክብሪት ያንን ቤት በሰዎቹ ስም አትጠራውም። «እነዚያ የሚንጠባጠቡት» ትላለች። ወይም «እነዚያ ጭሳቸው የከፋው»።

ባሏ ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሹፌር ነው፤ ቀልድ የማያልቅበት። «የሰው ሚስት እንግድነት ሄዳ ወሬ ይዛ ትመጣለች» ይላል። «የእኔዋ የሰው ሶፋ ይዛ ትመጣለች። ዕድሜ ከሰጠን ቀስ በቀስ አንድ ሙሉ ሶፋ ይወጣናል።»

«ሳቅ አንተ፤ የነደደ ዕለት ታለቅሳለህ።»

«እኔማ ከነደድኩ በኋላ ምን አለቅሳለሁ? ማልቀሱ ያንቺ ድርሻ ነው።»

ክብሪት የሚለውን ስም ያወጡላት የፍራሽ ፋብሪካው ሠራተኞች ናቸው። የፋብሪካው ዘበኛ በር ላይ የሁሉን ኪስ ይፈትሻል። ሲጋራ፣ ላይተር፣ ክብሪት፣ ሁሉም እዚያው ሣጥን ውስጥ ይቀራል። ሥራ አስኪያጁ እንኳ ላይተሩን አስረክቦ ነው የሚያልፈው። ክብሪቷን በኪሷ እያንኳኳች፣ አንገቷን ቀና አድርጋ የምትገባ አንዲት ሴት ብቻ ነበረች። ሥራዋ ማቃጠል ነዋ!

አነሳሷ ግን በመጥረጊያ ነው። ፊደል ከመቁጠር ያላለፈች፣ ገና የመጀመሪያ ልጇን የምታጠባ ሴት ሆና ነው የገባችው፤ የስፖንጅ ፍርፋሪ ለመጥረግ። የስፖንጅ ፍርፋሪ መጥረግ ደግሞ ዶሮ ያለ እረኛ መንዳት ነው፤ ከፊት ስትገፋው ከኋላ ይመጣል፣ ቀሚስ ላይ ይለጠፋል፣ ፀጉር ውስጥ ይገባል፣ ቤት ድረስ ይከተላል። እሷም ጠርጋ ጠርጋ ያልጨረሰችውን መጋዘን አንድ ቀን እሳት ጠረገላት።

ነገሩ እንዲህ ነው። አዲስ የወጣ የስፖንጅ ብሎክ፣ ቁመቱ ከሰው የሚበልጠው ያ ትልቁ፣ ላዩ ቀዝቅዞ ልቡ ግን ይግላል። ሰውም እንዲህ ያለ አለ። ብሎኮቹን አጠጋግተው ደርድረዋቸው ኖሮ የአንዱ ልብ ነደደ። ያን ቀን እትዬ ክብሪት ስፖንጅ እንዴት እንደሚነድ አየች። እንደ እንጨት ቢሆን ሰው ዕቃውን ለማውጣት እንኳ ፋታ ያገኝ ነበር። ስፖንጅ ግን እያለቀሰ ነው የሚነደው። እየቀለጠ ይንጠባጠባል፤ እንባው ያረፈበት ሁሉ ይያያዛል፤ ጥቁር ጭሱም ከነበልባሉ ቀድሞ ሰው ላይ ይደርሳል። የመጋዘን ሠራተኛውን ተሸክመው በሕይወቱ አወጡት፤ ድምፁ ግን እዚያው ቀረ። ከዚያ በኋላ በኖረበት ዘመን ሁሉ የሚናገረው በሹክሹክታ ነበር።

ሰዉ ረሳው። ሰው ምን የማይረሳው አለ። እሷ ግን ከዚያን ቀን ወዲያ ስፖንጅ ላይ ተኝቶ የሚያንኮራፋ ሰው ባየች ቁጥር ዐይኗ የሚያየው ሌላ ነገር ሆነ።

ኬሚስቱ የመጣው ከቃጠሎው በኋላ ነው። ቀጭን፣ ካልሲው የማይመሳሰል፣ ሲያስረዳ ምራቁን መዋጥ የሚረሳ ሰው። ከረጢት ሙሉ ነጭ ዱቄት አስመጣ። ስፖንጁ ሳይነፋ በፊት በትልቁ ጋን ባለው ፈሳሽ ውስጥ የሚማሰል ነው አለ።

«ምንድን ነው ስሙ?» አለችው መጥረጊያዋን ተደግፋ።

«ፎስፈረስ ያለበት ዱቄት ነው። ፎስፈረስ ታውቂያለሽ፤ የክብሪት ሣጥን ጎን ላይ፣ እንጨቱን የምትጭሪበት ቡናማው ነገር ውስጥም አለ።»

«እንዴ! እሳት የሚያስነሳውን ነው እሳት ያጠፋል የምትለኝ?»

«ዘሩ አንድ ነው፤ ጠባዩ ነው የተለየው።»

«እንደ ወንድማማቾች በለኛ። አንዱ ሌባ፣ አንዱ ፖሊስ።»

ኬሚስቱ ሳቀና በኋላ ለሥራ አስኪያጁ ሲያስረዳ ይኼንኑ ቃል ደገመው። ለእሷም ቀለል አድርጎ ነገራት። እሳት ሲነካው ዱቄቱ የስፖንጁን ፊት ወደ ጥቁር ቅርፊት ይለውጠዋል። ያረረ ዳቦ ላዩ ከሰል ሆኖ ውስጡ ሊጥ እንደሚቀረው ዓይነት። እሳቱ ቅርፊቱን ዘልቆ ማለፍ ያቅተዋል፤ የሚበላው ያጣል፤ ይሞታል።

እንግዲህ ዱቄቱ መሥራት አለመሥራቱን ቁርጥራጭ እየለኮሰ የሚያይ ሰው አስፈለገ። ወንዶቹ እሳቱን ስላዩ ሁሉም «እኔን አይመለከትም» አሉ። እሷ ግን መጥረጊያዋን ግድግዳው ላይ አስደግፋ «ስጡኝ» አለች። ከቃጠሎው የተረፉትን ቅንድቦቿን ዐይቶ አደራ የጣለባት ኬሚስቱ ነው ይባላል።

ከግቢው ጥግ ቆርቆሮ የለበሰች ክፍል ሠሩላት። በውስጧ መስታወት በር ያለው የብረት ሣጥን አለ። ከብሎኩ የተቆረጠችውን ዘለላ ከሣጥኑ ታንጠለጥላለች፤ ክብሪቷን ጭራ ትንሿን የጋዝ ነበልባል ታስነሳለች፤ ነበልባሉን ከዘለላዋ ጫፍ ታስጠጋና ጎንበስ ብላ ታያለች። ካለቀሰች ወደቀች። ጠቁራ ከጠፋች አለፈች። ሲያልፍ ቡሩሿን አረንጓዴ ቀለም ነክራ ወደ መጋዘን ትሄዳለች፤ በዕለቱ በሚወጡት ብሎኮች ሁሉ ጎን ላይ አረንጓዴ መስመር ይሰመራል። አረንጓዴው መስመር የእሷ ቃል ነበር። ለራሷ ስም እንኳ እንደዚያ አትጠነቀቅም።

አንድ ችግር ብቻ ነበር፤ እሱም ነፋሱ። ጠዋት ጠዋት ነፋሱ ጭሷን ወደ ውጭው አጥር ይዞላት ይሄዳል። ከሰዓት በኋላ ግን ይዞርና በቀጥታ ሥራ አስኪያጁ መስኮት ላይ ያሳርፈዋል። ሥራ አስኪያጁ ሁለት ሦስቴ ሳለ። ከዚያ አስጠራት።

«እትዬ፣ ይኼ ነገር ጠዋት ጠዋት ብቻ ቢሆን ምን ይመስልሻል?»

«ደግ ነው» አለች። ምን ትበል? ከሰዓት በኋላ ጉልበቷ ስለሚዝል፣ እውነቱን ለመናገር፣ ደስም ብሏት ነበር። የጠዋቱ ካለፈ የከሰዓቱስ የዚያው ጋን ልጅ አይደለም? እንዲህ ተብሎ ተስማሙ፤ ስምምነቱም ዘመን አስቆጠረ። ያ ዱቄት በእሷ እጅ አንድ ቀን ወድቆ አያውቅም። እንዲያውም ዘለላዋ ነበልባሉ ገና ሲጠጋት ነበር እፍ እንደተባለ ሻማ የምትጠፋው። ኬሚስቱ «መጽሐፉ ከሚለው በላይ ነው!» እያለ በደስታ ካልሲውን ይስብ ነበር።

በዚህ መሃል ልጆቿ አደጉ፤ አገቡ፤ በየፊናቸው ተበተኑ። የቀረችው የመጨረሻዋ ብቻ ናት፤ በቤት ውስጥ «ትንሿ» የምትባለው። ሕፃናት የምታስተምር፣ ድምጿ ከእናቷ የወጣ፣ ምላሷ ከአባቷ የወጣ ልጅ። ማታ ማታ ሦስቱ ሲቀመጡ እትዬ ክብሪት እሷን እያየች «ይቺም ከሄደች ይኼ ቤት ጋራዥ ነው» ትላለች። ሹፌሩም «ጋራዥ ቢሆንማ አውቶቡሴን አስገባበት ነበር» ይላል። ቀልዱን ይቀልዳል እንጂ እሱም እንደዚያው ነበር የሚያስበው።

አንድ ቀን ትንሿ እጇን እያፍተለተለች መጣች። የወደደችው ሰው አለ።

«ሥራው ምንድን ነው?» አለች እናት።

ትንሿ አባቷን አየች፤ ጣራውን አየች። «ሶፋ ይሠራል።»

ሹፌሩ በያዘው ሻይ ትን አለው። ሳቁ አልቆም ብሎት እንባው እስኪፈስ ሳቀ። «እግዜር እኮ ቀልድ ያውቃል!» አለ። «ከዚህ ሁሉ ወንድ!»

ሶፋ ሰሪው ትሑት፣ እጁ በምስማር የተበሳሳ፣ ጨርቅ ሲለካ ከንፈሩን የሚነክስ ወጣት ነበር። ቤተሰብ ለመተዋወቅ እናቱ ቤት ተቀጠረ። ትንሿ ከመውጣታቸው በፊት እናቷን መኝታ ቤት አስገብታ በሩን ዘጋች።

«እማዬ፣ አንድ ነገር ብቻ ነው የምለምንሽ። ዛሬ እጅሽን።»

«እጄ ምን ሆነ?»

«ታውቂያለሽ ምን እንደሆነ። ጭንሽ ላይ ይቀመጥ። ሁለቱም።»

«እሺ እናቴ።»

«ማይልኝ።»

«እንዴት ነው የልጅ ነገር! ለእጄ መሐላ ልግባለት?»

የሶፋ ሰሪው እናት ደርባባ፣ ሳቂታ ሴት ነበረች። ሳሎኑ ጠባብ ነው፤ ከጠባቡ ሳሎን ግማሹን ደግሞ ልጇ ለአዲሱ ጎጆው የሠራው ሶፋ ይዞታል። ወይን ጠጅ ከፋይ ለብሶ፣ ክንዱ ተጠምዝዞ፣ ገና ላስቲኩ ሳይወልቅ። እንግዶቹ ይቀመጡበት ዘንድ ላስቲኩ ተነሣ። እትዬ ክብሪት ስትቀመጥ ሰመጠች። እንዲህ ያለ ልስላሴ በዕድሜዋ አይታ አታውቅም፤ አቅፎ ወደ ውስጥ ይስባል። እጇን ጭኗ ላይ አጣምራ ተቀመጠች። ትንሿ ከወዲያ ሆና በዐይኗ ትጠብቃታለች።

ጥሩ ቆየች። ሻይ መጣ፣ ተጠጣ። ስለ ልጆቹ ጠባይ ተወራ። ጥፋቱ ከሶፋ ሰሪው እናት መጣ። «እንደው የልጄን የእጅ ሥራ እስቲ ነካ ነካ አድርገው ይዩት» አለች፤ ኩራት ልቧን ነፍቶት። «ለልጅዎ ብሎ ነው እንዲህ የለፋው!»

ሴትዮዋ እየለመነቻት እንዴት እንቢ ትበል? ነካ ነካ አደረገች።

በማግስቱ በቆርቆሮዋ ክፍል ያቺን ቁንጣሪ ከሣጥኑ አስገብታ ነበልባሉን አስጠጋች። አላመነችም። ቁንጣሪዋ ጠቁራ አልጠፋችም፤ እጥፍጥፍ ብላ እያለቀሰች ነደደች፤ ጠብታዋ ከሣጥኑ ወለል ላይ ወድቆ እንኳ ይነድ ነበር። እትዬ ክብሪት ከክፍሏ ወጥታ ግቢው ውስጥ ቆመች። በዐይነ ኅሊናዋ ትንሿ በዚያ ወይን ጠጅ ከፋይ ላይ ተኝታለች፤ ቀጥሎም ያ በሹክሹክታ የሚናገር ሰው ታወሳት።

ማታ ነገሩን ቤት ውስጥ ስታፈርጠው የሆነው ሆነ።

«እማዬ፣ ቆነጠርሽ?»

«ትንሽዬ ናት።»

«ቆነጠርሽ ወይ ነው ያልኩሽ!»

«ሴትዮዋ ራሷ ነካ ነካ አድርጊው አለችኝ።»

«ነካ አድርጊው ነው እንጂ ቦጭቂው አለችሽ?»

«እናቴ ሙች፣ ልጄ፣ እሱን ሶፋ ቤትሽ አታስገቢ። ነደደ እኮ! እያለቀሰ!»

«የማለቅሰውስ እኔ ነኝ!» አለች ትንሿ። «ሌላዋ እናት ለልጇ አንሶላ ትገዛለች፤ አንቺ የባሌን ሶፋ ታቃጥይልኛለሽ። የሰው እናት ስቃ ተቀብላሽ! አሁን ምን ብዬ ነው ዐይኗን የማየው? ስሚኝ፣ እማዬ፣ ጎጆዬ ስወጣ መጥተሽ እንዳትገቢብኝ። ከፈለግሽ በሩ ላይ ቆመን እናወራለን።»

ሹፌሩ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚለው ቀልድ ጠፋው። ሚስቱ ጓዳ ገብታ ስትቀመጥ ተከትሏት ገባና አጠገቧ ተቀመጠ። «የቤት ቀጋ፣ የውጭ አልጋ ማለት አንቺ ነሽ» አላት ቀስ ብሎ። «ፋብሪካው ይሾምሻል፤ ልጅሽ ታባርርሻለች። እንግዲህ ወይ እጅሽን ወይ ልጅሽን።»

እሷም ስታስብ አደረችና በማግስቱ ተነሥታ ወደ ሶፋ ሰሪው መሥሪያ ቦታ ሄደች። ሌላ መንገድ አልታያትም። ልጁን ራሱን ለምና፣ ወድቃም ቢሆን፣ ስፖንጁን ታስቀይረዋለች።

መሥሪያ ቦታው መንገድ ዳር ነው፤ በሩ ላይ እግራቸው ያልተገጠመ ወንበሮች ተገልብጠው ሰማይ ያያሉ። ሶፋ ሰሪው አፉ ውስጥ የደረደራቸውን ምስማሮች አንድ በአንድ አውጥቶ ተነሣ።

«እማማ! ምነው በደህና?»

«ልጄ፣ አንተ መልካም ልጅ ነህ። ክፋት አይደለም። ግን የማንን ስፖንጅ ነው የምትገዛው? ከየትኛው ሌባ?»

ልጁ አያት። ከዚያ ወደ ጓዳ ገብቶ ከዚያ ሶፋ የተረፈውን ቁራጭ አመጣና ጠረጴዛው ላይ አገላበጠው። ጎኑ ላይ አረንጓዴ መስመር ነበረበት።

እትዬ ክብሪት መስመሩን በጣቷ ነካችው። ቡሩሹ መጨረሻ ላይ የሚያደርጋት ትንሽ ጅራት እንኳ አለች። የራሷ እጅ ነው። ቃሏ ነው።

«ከእናንተው ነው እንጂ ከየት እገዛለሁ?» አለ ልጁ። «ያውም የከሰዓቱን። ለእሷ ብዬ ተሰልፌ።»

«የምን ከሰዓት?»

«እማማ፣ ያሾፉብኛል?» ሳቀ። «የከሰዓቱ ነዋ! የእናንተ የጠዋት ስፖንጅ ድንጋይ ነው፤ ሻካራ ነው፤ ሲቀመጡበት ያቃስታል። የከሰዓቱ ቅቤ ነው። ሶፋ ሰሪ ሁሉ ያውቃል። ጠዋት እናንተ ጋ የሚመጣ አዲስ ገቢ ብቻ ነው። እኛማ ምሳችንን በልተን፣ ከእንቅልፋችን ነቅተን ነው የምንመጣው። እዚያ የሚሠሩት እርስዎ፣ እንዴት አያውቁም?»

እንዴት አታውቅም! የከተማው ሶፋ ሰሪ፣ ተሸካሚው፣ ጋሪ ገፊው ሁሉ የሚያውቀውን የማታውቅ አንዲት ሴት ነበረች፤ እሷም ክብሪቱን የያዘችው።

ወደ ፋብሪካው ተመለሰች። ጋኑ አጠገብ ደረሰች። ቀዘፋ የመሰለውን ማማሰያ የሚያዞረው ሰውዬ የለም።

«አማሳዩ የታለ?»

«ከምሳ በኋላ እኮ ጭነት ላይ ነው» አሏት። «ድሮም እንዲያ ነው። መኪና ሲበዛ ሰው አይበቃማ።»

በዚያው ሰዓት ከወጣው ብሎክ ዘለላ አስቆረጠች፤ ወደ ቆርቆሮዋ ክፍል ሄደች፤ ሰዓቱ ስንት እንደሆነ፣ ነፋሱ ወዴት እንደሚነፍስ አልጠየቀችም። ጫረች። ዘለላዋ እያለቀሰች ተያያዘች። ጭሱም የለመደውን የድሮ መንገዱን ሳይረሳ ቀጥ ብሎ በሥራ አስኪያጁ መስኮት ገባ።

«እትዬ ክብሪት!» ሥራ አስኪያጁ መሐረቡን አፍንጫው ላይ ይዞ እየሳለ ወረደ። ኬሚስቱም ከኋላው እየሮጠ መጣ። «ምን ተባብለን ነበር? ጠዋት አልተባባልንም?»

«ጌታዬ፣ ይኼ የጠዋት አይደለም። የከሰዓት ነው። እዩት።»

ኬሚስቱ ብረት ሣጥኑ ወለል ላይ የምትነደውን ጠብታ ሲያይ ፊቱ ነጣ። ወደ ጋኑ ሄዶ ረጅም ዘንግ አጠለቀ። ከሥር ሲያወጣው በዘንጉ ጫፍ እንደ ጭቃ የረጋ ነጭ ነገር ተከምሮበት ነበር። «ዱቄቱ ከባድ ነው» አለ፣ ለራሱ እንደሚናገር ሰው። «ካልተማሰለ ይዘቅጣል። ቧንቧው ደግሞ ከጋኑ ወገብ ላይ ነው የሚቀዳው። ከሰዓት የሚወጣው ዱቄት የሌለበት ባዶው ነው፤ የለሰለሰውም ለዚያ ነው። ጠዋት ሲማሰል የትናንቱ ዝቃጭ ከዛሬው ጋር ተደምሮ… ለዚህ ነው ከመጽሐፉ በላይ የሆነው!» ካልሲውን ሊስብ ጎንበስ አለና ተወው።

«የእኔም ጥፋት አለበት» አለች እትዬ ክብሪት። «ጠዋት ብቻ ሲሉኝ ዕረፍት ብዬ ነው እሺ ያልኩት።»

ሥራ አስኪያጁ ግን ጥፋት የሚያካፍልበት ስሜት ላይ አልነበረም። «ይኼን ያህል አናክብደው» አለ። «ገዢዎቹ የከሰዓቱን ወደውታል። ቅሬታ አልመጣም። ድንገት ቢሻክርባቸው ነው ቅሬታ የሚመጣው። በቀስታ፣ በጥናት…»

«ልክ ነዎት» አለች እሷ። «አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅዎ። የቤትዎ ፍራሽ የትኛው ነው? ድንጋዩ ነው ቅቤው?»

ሥራ አስኪያጁ መሐረቡን ከአፍንጫው አወረደ። ፍራሹን ያስመረጠው በመጋዘን ሠራተኞች ነበር። «ለእርስዎማ የሚሆነውን እናውቃለን» ብለው ጭነውለታል። አራት ልጆቹም በዚያው ዓይነት ላይ ነው የሚተኙት።

ጥናቱ በዚያው ቀረ። አማሳዩ ከመኪና ላይ እየተጠራ ወርዶ ማማሰያው ላይ ተተከለ፤ ከዚያም እስከ ማምሻው እንዳይነቃነቅ ታዘዘ። እትዬ ክብሪት ጠዋትም ከሰዓትም እንድትለኩስ ተወሰነ። የጭሱ ነገርስ? ሥራ አስኪያጁ መስኮቱን በጡብ አስደፈነ፤ በቀን መብራት አብርቶ የሚሠራ ሰው ሆነ። ሶፋ ሰሪዎቹ ከሰዓት ተሰልፈው ሲመጡ ስፖንጁ ሁሉ አንድ ዓይነት፣ ቅቤም ድንጋይም ያልሆነ፣ ሆኖ ጠበቃቸው። «ማን ነው ከሰዓታችንን የገደለው?» ብለው ሲጠይቁ መልሱን የማይነግራቸው አልነበረም። ገበያ ላይ ሰላምታ ነሷት። ለአንዲት የስፖንጅ ፋብሪካ ሴት የዚህን ያህል ጠላት በአንድ ሳምንት ማፍራት ቀላል አይደለም።

ማታ ለትንሿ ነገረቻት። «ቀለሙ የእኔ ነው» አለቻት። «ልጁ ጥፋት የለበትም። የነደደው የእኔ መስመር ነው። እሱ ደግ ፈልጎ፣ ላንቺ ብሎ ተሰልፎ ነው የገዛው። በሩ ላይ ቆመሽ አናግሪኝ ካልሽም እቆማለሁ፤ ከዚህ በኋላ በዐይኔም በእጄም አፍሬያለሁ።»

ትንሿ ተነሥታ መኝታ ቤቷ ገባች።  በሠርጉም ቀን እናቷን ስማት እንደ ሌላው ዘመድ አለፈች።

ሶፋ ሰሪው ግን ዝም አላለም። ወይን ጠጁን ከፋይ በገዛ እጁ ተርትሮ ያንን ቅቤ ስፖንጅ አወጣ። ወደ ፋብሪካው ሲመጣ ደግሞ አዲሱን መካከለኛውን አልፈልግም አለ። ከመጋዘኑ ጥግ ማንም የማይነካው፣ ከነዝቃጩ የተነፋ የድሮ የጠዋት ብሎክ ተከምሮ ነበር። እሱን አስጫነ። የሥራ ጓደኞቹ «አበድክ እንዴ? ለሙሽራ?» ቢሉት፣ «አማቴን አታውቋትም» አላቸው። «ሶፋዬ ውስጥ እሳት ካልሞተ እኔ ነኝ የምሞተው።»

ጎጆ በገቡ ሰሞን እትዬ ክብሪት አልሄደችም። ሹፌሩ እየሄደ «ደህና ናቸው» እያለ ይመለሳል። አንድ ቀን ግን ትንሿ አባቷን «እማዬ የት አለች?» አለችው። «በር ላይ ቆሜ ነው የምጠይቃት ብላለች፤ በር ላይ ደግሞ ፀሐዩ አልቻላትም» አላት። ትንሿ ስቃ ይሁን አልቅሳ አላወቀውም፤ ጀርባዋን ሰጥታው ነበር። «ይዘሃት ና» አለችው።

ሄደች። ሳሎኑ ብርሃን ነበረው፤ ግድግዳው ገና ቀለም ይሸታል። ወይን ጠጁ ሶፋ መሐል ላይ ተኮፍሷል። ማንም አልተቀመጠበትም። ትንሿ፣ ባሏ፣ የባሏ እናት፣ ሁሉም ምንጣፍ ላይ ናቸው፤ ሹፌሩም ቀስ ብሎ ጉልበቱን አጠፈና ወደ ምንጣፉ ወረደ። እሷን ብቻ ሶፋው ላይ አወጧት።

«ምነው እናንተ?» አለች።

«ይኼ ሶፋ ላይ ሰው አይቀመጥም፤ ይፈረድበታል» አለች ትንሿ። «ባለፈው ሳምንት ጎረቤት መጥታ ተቀመጠችና ወዲያው ‹ልጅ ትቼ ነው የመጣሁት› ብላ ሄደች። ልጅ እንኳ የላትም።»

የሶፋ ሰሪው እናት አፏን ይዛ ሳቀች። «እኔስ ወገቤን አስተካከለልኝ» አለች። «ሐኪም ያቃተውን።»

እትዬ ክብሪት ቀጥ ብላ ተቀመጠች፤ በዚያ ሶፋ ላይ ሌላ አቀማመጥም የለ። እውነትም ድንጋይ ነው። እንደ ዳኛ ከበላያቸው ሆና ሁሉንም ከላይ ታያቸዋለች፤ የሹፌሩ ራስ መመለጡን፣ የሶፋ ሰሪው እናት ሽበት መጀመሩን። ሶፋ ሰሪው ከሥር ሆኖ «እማማ፣ ተመቸዎት?» አላት፤ ዐይኑ ሳቅ ሞልቶታል።

«በጣም» አለች። ከልቧ ነበር።

ወሬው ቀጠለ። ትንሿ ስለ ተማሪዎቿ ታወራለች፤ ከሁሉም ትንሹ እንዴት ጫማውን ሽንት ቤት ውስጥ እንደጣለው። እያወራች ጀርባዋን የሚያስደግፋት ነገር ፈለገች፤ ወደ ኋላ ተሳበች፤ ጀርባዋ ሶፋውን አገኘ፤ ራሷ ደግሞ የእናቷን ጉልበት። አላነሣችውም። እዚያው ሆና የጫማውን ነገር ጨረሰች። እትዬ ክብሪት ወገቧ ክፉኛ ያማት ነበር፤ አልተነቃነቀችም።